ጆሮው ሌኒንግራድ የቀረ ሬዲዮ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጋሼ ዛሬ ሬዲዮውን ይዘውት መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን አመጣልሃለሁ» ሲሉኝ ከርመው ነበር። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው፣ ታክሲ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያመጡት። አያያዛቸው እንደ አራስ ልጅ ነው።

የአሉሚኒየም ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ መዘውር፣ ሁለት ማብሪያና አንዲት ትንሽ ሜትር አለችው። ስኬሉ በእጅ የተሳለ ነው፤ ከ65.8 እስከ 73 ይላል። የፋብሪካ ምልክት የለውም። ጀርባው ላይ በሩሲያኛ «ሙከራ 4» ተብሎ በመርፌ ተጭሯል። ከ1 እስከ 3 ያሉት የት ደረሱ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እዚሁ ውስጥ ናቸው» አሉኝ። አንዱን እየፈቱ ዕቃውን ለሚቀጥለው ተጠቅመውበታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሌኒንግራድ፣ በቦንች-ብሩየቪች ስም በተጠራው የመገናኛ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነበሩ። ያን ጊዜ ጥሩ የሶቪየት ቲዩነር ከፈለጉ የሴባስቶፖሉን ላስፒ-003-ስቴሪዮ መግዛት ነበር። በሶቪየት አጠራር ከቁጥሩ ፊት ያለችው ዜሮ የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ ታመለክታለች። ዋጋውም ዜሮውን ያህል ከፍ ያለ ነው። በተማሪ ድጎማ የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ «ወጣት ቴክኒሽያን» ከሚባለው ሱቅ፣ ፋብሪካ የጣላቸውን ዕቃዎች በርካሽ እየለቀሙ ራሳቸው ሠሩት። ቲዩነር ማለት ድምፅ ማጉያም ስፒከርም የሌለው፣ ጣቢያ መያዝ ብቻ የሚያውቅ ሬዲዮ ነው። ሥራው አንድ ስለሆነ በደንብ እንዲሠራው ይጠበቃል።

በ1978 ዓ.ም. ወደ አገር ቤት ይዘውት ገቡ። ሰኩት። ሽሽሽ አለ። በቃ፣ ከዚያ ሌላ ምንም። «አላዘንኩም፣ አውቀው ነበር» ይላሉ። እኔ ግን አላመንኳቸውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አርባ ዓመት የተቀመጠን ዕቃ በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት ድፍረት አይደለም፣ ጅልነት ነው። 60 ዋት አምፖል በመሀል አስገብቼ ሰካሁት። የሆነ ቦታ ሾርት ካለ አምፖሉ ይበራል እንጂ ትራንስፎርመሩ አይቃጠልም። አምፖሉ ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ደህና ነው። እዚያም እዚህም 220 ቮልት መሆኑ በጀን።

ከዚያ ክዳኑን ከፈትኩ። ሽቦዎቹ በሰም በተነከረ ክር በየዘለላው ታስረዋል። ብየዳው ያበራል። እኔ ዛሬ የምበይደው ከዚህ አይበልጥም፣ እንዲያውም ያንሳል።

ካ50-6 የሚባሉት ትንንሽ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ግን ደርቀዋል። 20 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት በቴስተር 3 አነበበ። እነዚህ በሶቪየት ዕቃ ሁሉ ውስጥ በዚህ ድክመታቸው ይታወቃሉ። አሥራ አራቱን ቀየርኩ። ቡናማና አረንጓዴ የሆኑትን የካኤም ሴራሚክ ካፓሲተሮች ግን አልነካሁም። እነሱ ውስጥ ፓላዲየም አለ። በሩሲያ እነሱን ለመንቀል ሲባል ስንት ጤነኛ መሣሪያ ተቀጥቅጧል። ምናለሽ ተራ ይህን ሳይሰማ በፊት ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ነገሩ ገባኝ። በደንብ ለመጻፍ ልሞክር።

ሬዲዮው አልተበላሸም። ጆሮው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሶቪየት ኅብረትና የምሥራቅ አውሮፓ አጋሮቿ ለኤፍኤም የመደቡት ከ65.8 እስከ 73 ሜጋኸርዝ ያለውን ነበር። ምዕራብ አውሮፓ ከ87.5 እስከ 108 ያዘ። እኛም የኋለኛውን ነው የተከተልነው። ጋሼ ሲመጡ እዚህ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነበር የሚሰማው። በኋላ 97.1 ሲጀምር አንድ ጊዜ ከቁም ሣጥን አውጥተው ሞክረውት ነበር። ግን 97.1 በዚህ ስኬል ላይ የለም። መልሰው በጋቢ ጠቀለሉት።

እና ዛሬ መዘውሩን ቀስ እያልኩ ሳዞር፣ 69.3 ላይ ሰው አወራ! በአማርኛ! ስለ ሽንኩርት ዋጋ!

መዘውሩን ለቀቅኩትና ከወንበሬ ተነሣሁ። አዲስ አበባ ውስጥ 69.3 ላይ የሚያሰራጭ ጣቢያ ሊኖር አይችልም። ወረቀት አወጣሁ። ሬዲዮው ውስጥ አንድ አመንጪ ክፍል አለ፤ ከሚፈለገው ጣቢያ በ10.7 ከፍ ብሎ ይንቀጠቀጣል። 69.3 ሲደመር 10.7፣ 80 ይሆናል። ሬዲዮው የሚሰማው ከ80 በ10.7 የሚርቀውን ነው። ከታች ሲሆን 69.3። ከላይ ሲሆንስ? 90.7! ይህ ቁጥር ደግሞ የእኛው አየር ላይ አለ።

የመስታወት ምስል እንደ ማለት ነው። ዲዛይኑ እንዲከለክለው የሚፈለገውን ጥፋት ነው የሰማሁት። ግን ከአርባ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ስለሆነ አልተቆጣሁትም። ለጋሼ ደወልኩ። «በመስኮት የገባ ነዋ» አሉ ሳቅ እያፈናቸው። «በር እንክፈትለት እንግዲህ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጣቢያው ይሸሻል። 69.3 ላይ አቆመዋለሁ፤ ቡና አፍልቼ ስመለስ ሽሽሽ ይላል። ትንሽ ወደ ላይ ሳዞር እንደገና አገኘዋለሁ። ሲሞቅ ነው የሚሸሸው።

መዘውሩ ጣቢያ የሚቀይረው በቫሪካፕ ነው። ቫሪካፕ የሚሰጡት ቮልቴጅ ሲለወጥ አቅሙ የሚለወጥ ዳዮድ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ከተንቀሳቀሰ ጣቢያውም ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቮልቴጁን የሚያረጋጋውን ዴ814 ዜነር ነው። እሱ እንደ ድንጋይ ቆሟል። ማቀዝቀዣ ስፕሬይ ስላልነበረኝ በጥጥ አልኮል እየነከርኩ አንድ በአንድ ነካሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ የተያዘው እኔው ራሴ ባለፈው ሳልቀይረው የተውኩት አንድ ካ50-6 ነው። በቫሪካፑ መስመር ላይ ተደብቆ ነበር። ሲሞቅ ወደ 10 ማይክሮአምፔር ያፈሳል። ይህ ምንም አይደለም ሊባል ይችላል። ከፊቱ ግን 100 ኪሎኦም ሪዚስተር አለ። 10 ማይክሮአምፔር በ100 ኪሎኦም ሲያልፍ 1 ቮልት ይበላል። አንድ ቮልት ደግሞ ሬዲዮውን ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር ያደርሰዋል።

በፊልም ካፓሲተር ቀየርኩት። ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ ቆመ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

መብራት የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከጋሼ ጋር ተከራከርን። የኔ ሐሳብ ሣጥኑን ሳልነካ ከውጭ መቀየሪያ መሥራት ነው። መቀየሪያው የእኛን አየር ዝቅ አድርጎ ወደ ሶቪየት ስኬል ያወርድለታል። የእሳቸው ሐሳብ ደግሞ ኮይሎቹን፣ ማለትም የሽቦ ጥምጥሞቹን፣ ፈታ ፈታ አድርጎ፣ ካስፈለገም ዙሮቹን ቀንሶ፣ ሬዲዮውን ራሱን ወደ 88–108 ማምጣት ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እኮ አይነካም። ቅርስ ነው» አልኳቸው።

«ቅርስ? ጀርባውን አላነበብክም? ሙከራ ነው የሚለው። ካልሞከርክበት ምኑን ሙከራ ሆነ?»

መልስ አጣሁ። ግን የኔም መንገድ ቢሆን ሙከራ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ሂሳቡን አሳየኋቸው። ችግሩ የስፋት ነው። የእኛ ኤፍኤም 20 ሜጋኸርዝ ይሰፋል፤ የእሳቸው ስኬል 7.2 ብቻ ነው። በአንድ መቀየሪያ ሁሉም አይገባም። ስለዚህ መስኮቱን የት እንክፈተው? 30 ሜጋኸርዝ ብንቀንስ ከ95.8 እስከ 103 ያለው ይገባል። 96.3 በ66.3 ይመጣል። 97.1 በ67.1፣ ፋና 98.1 በ68.1፣ ሸገር 102.1 በ72.1። ስኬሉን እንኳ መቀየር አያስፈልግም፤ ሠላሳ መደመር ነው።

ጋሼ ወረቀቱን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ «ይኸኛውማ ያምራል» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መቀየሪያውን ሠራሁ። ከተጣለ ቴሌቪዥን ቱነር የወጣ ባለሁለት ጌት ትራንዚስተር፣ 30.000 የተጻፈበት፣ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ የሚያወጣ ክሪስታል፣ ሦስት ኮይል። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገጠምኩት። ሰካሁት። ጣቢያዎቹ መጡ፣ ግን ያሰብኩበት ቦታ አይደለም። አንዱ ሦስት ቦታ ይሰማል። ሌላው በሌላው ላይ ተደርቦ ይንጫጫል። ሠርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ሁለት ሰዓት ሽቦ ሳንቀሳቅስ ዋልኩ። በመጨረሻ ፍሪኩዌንሲ መለኪያ አገናኘሁ። ወደ 10 ይላል! 30 የተባለው ክሪስታል 10 ላይ ነው የሚንቀጠቀጠው። ይህን አውቀው ነበር፣ ረስቼው ነው እንጂ። ከፍ ያለ ቁጥር የሚጻፍባቸው ክሪስታሎች ብዙዎቹ ሦስተኛ ኦቨርቶን ናቸው። በተፈጥሮ የሚንቀጠቀጡት በሲሶው ነው። 30 ላይ እንዲሠሩ በ30 የተቃኘ ኮይል ያስገድዳቸዋል። እኔ በኮይሉ ቦታ ሪዚስተር ነበር ያስገባሁት። ከዚያ 10፣ 20፣ 30፣ 40... ሁሉም ተራባ፤ እያንዳንዱም የራሱን ጣቢያ ጎትቶ አመጣ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ኮይል። አሥራ ሁለት ዙር በ6 ሚሊሜትር ፎርመር ላይ፣ ከጎኑ 33 ፒኮፋራድ። መሀሉ ላይ የምትሽከረከር ኮር አለችው። ለጀማሪ አንድ ነገር ልንገር፦ ፌራይት ኮር ወደ ውስጥ ሲገባ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፤ የነሐስ ከሆነ ይወጣል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። መለኪያው 10 ላይ ቆይቶ ቆይቶ በአንዴ 30.001 ላይ ዘለለ።

67.1 ላይ አዞርኩ። 97.1 ጥርት ብሎ ገባ። 72.1 ላይ ሸገር። ለመጀመሪያ ጊዜ በበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አንድ ነገር ያስቸግረኝ ጀመር። ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ሽሽታው አልፎ አልፎ ጭጭ ይላል። አምስት ሰከንድ፣ ስምንት ሰከንድ፤ ከዚያ ይመለሳል። ድምፅ የለም፣ ዝምታ ብቻ። ሠራተኛዬ ብትሆን ዛር ነው ትለኝ ነበር።

ዝምታ ማለት ግን የሆነ ሞገድ አለ ማለት ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ ሞገድ ሲያገኝ ሽሽታውን ይውጣል። ሞገዱ ላይ ያለው ንግግር በኤኤም ከሆነ ደግሞ ገዳቢው ክፍል ይቆርጠዋል፤ ቃሉ አይሰማም። በከተማችን ሰማይ ላይ በኤኤም አጭር አጭር የሚያወራ ማን ነው? አውሮፕላን! የ30 እጥፍ 60 ነው። 60 ሲደመር ከ66 እስከ 73፣ ከ126 እስከ 133 ይሆናል። አብራሪዎች ከማማ ጋር የሚነጋገሩበት ክልል መካከል ላይ ነው። ቦሌ ደግሞ ከቤቴ ጣሪያ ይታያል።

መግቢያው ላይ ከ108 በላይ ያለውን የሚቆርጥ፣ መውጫው ላይ ደግሞ 69 አካባቢ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ጨመርኩ። አውሮፕላኖቹ ሄዱ። በመስኮት ይገባ የነበረው 90.7ም አብሮ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን «ሸገር» ሲባል «ሸ» ትሰነጠቃለች። «ሰ»ም እንዲሁ። ወፍራሙ ድምፅ ንጹሕ ነው። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ሰሙና «ጫማው ጠቦታል» አሉ።

ትክክል ናቸው። የሶቪየት ኤፍኤም ሞገድ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው 50 ኪሎኸርዝ ነው። የእኛ 75። ስቴሪዮው ሲታከልበት፣ ለሶቪየቱ የሚያስፈልገው ስፋት 2 ጊዜ (50 ሲደመር 46.25)፣ ማለትም 192.5 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። ለእኛው 2 ጊዜ (75 ሲደመር 53)፣ 256። ጋሼ ሬዲዮው ውስጥ የሠሩት ማጣሪያ ስድስት ኮይሎች ያሉት፣ ለ192.5 በልክ የተሰፋ ነው። የእኛው «ሸ» አይገባበትም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ዲቴክተሩን፣ ማለትም ከሞገዱ ላይ ድምፁን የሚያወጣውን ክፍል፣ ያኔ ሲሠሩት ከሚያስፈልገው በላይ አስፍተውታል። ሁለት ዴ20 የገርማኒየም ዳዮዶች ያሉት ነው። አስተማሪያቸው «ለምን ይህን ያህል?» ብሎ ነጥብ ቀንሶባቸው እንደነበር ነገሩኝ። ዛሬ ያ ትርፍ አዳነን። የሚቀየረው ማጣሪያው ብቻ ሆነ። በሦስቱ ኮይሎች ጎን አንድ አንድ ሪዚስተር በየድኩባቸው። እንዲህ ሲደረግ ማጣሪያው ይሰፋል፤ ጉልበቱ ግን ትንሽ ይቀንሳል፣ ጎረቤት ጣቢያም የመለየት ችሎታው ይደክማል። ለእኛ ከተማ ግድ የለም። 97.1 እና 98.1 በመካከላቸው ሙሉ ሜጋኸርዝ አለ።

ሪዚስተሮቹን ያስገባሁት በማብሪያ ነው። ሲፈለግ ወደ ሌኒንግራድ ስፋት ይመለሳል። ጋሼ ማብሪያውን አይተው ሳቁብኝ። «ማን ሊመልሰው ነው?» አሉ። ቆይ ብቻ አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ስቴሪዮ። በውስጡ ያለው የስቴሪዮ ቦርድ ለእኛ ጣቢያዎች አይሠራም። የእኛዎቹ 19 ኪሎኸርዝ ላይ ምልክት ይልካሉ፤ የግራና የቀኝ ልዩነቱ ደግሞ በ38 ላይ ይጫናል። ከድሮ የመኪና ቴፕ ኤምሲ1310 የሚባል ግራና ቀኝ የሚለይ ቺፕ ነቅዬ በትንሽ ቦርድ ላይ ለብቻው ሠራሁለት። ምልክቱን የወሰድኩለት ከዲቴክተሩ በቀጥታ ነው። 10ኛ እግሩ ላይ መለኪያ አድርጌ ልክ 19 እስኪል አስተካከልኩ። መውጫው ላይ 3.3 ኪሎኦም ከ15 ናኖፋራድ ጋር፤ 50 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይሰጣል፤ ጣቢያው ከፍ አድርጎ የላከውን ቀጭን ድምፅ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ቀይዋ መብራት በራች። ብዙ የምለው የለኝም፤ በመጀመሪያ ሙከራ የሠራ ነገር ወሬ የለውም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ይህን ቀን ለራሴ ነው ያቆየሁት።

የድሮውን የስቴሪዮ ቦርድ ትናንትና ዛሬ ሳየው ዋልኩ። የሶቪየት ስቴሪዮ መንገዱ ሌላ ነው፤ ፖላር ሞዱሌሽን ይባላል። 31.25 ኪሎኸርዝ የሆነ ረዳት ሞገድ አለ። ቁጥሩ የዘፈቀደ አይደለም፤ የቴሌቪዥናቸው መስመር ፍጥነት 15.625 ኪሎኸርዝ ነው፤ ይህ የእሱ ሁለት እጥፍ ነው። ረዳት ሞገዱን በወረቀት ላይ ብትስለው፣ ከላይ በኩል ያለው ጠርዝ የግራውን ድምፅ ቅርጽ ይይዛል። ከታች ያለው ጠርዝ የቀኙን። ለመለየት ሁለት ዳዮድ በተቃራኒ አቅጣጫ መግጠም ይበቃል። አንዱ ጣሪያውን ያነባል፣ ሌላው ወለሉን። ከእኛው 19 እና 38 ጋር ሳነጻጽረው፣ ለድሃ ሬዲዮ የታሰበ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። አንድ ዘዴ ብቻ አለበት። ማሰራጫው ረዳት ሞገዱን በ14 ዴሲቤል አዳክሞ ነው የሚልከው። ተቀባዩ መልሶ አምስት እጥፍ ማሳደግ አለበት። ካላሳደገ ጣሪያና ወለሉ ይደባለቃሉ።

ይህን የሚልክ ጣቢያ እዚህ የለም። እዚያም ቢሆን ዘመኑ አልፎበታል። ግን በ192 ኪሎኸርዝ ናሙና የሚሠራ የድምፅ ካርድ 31.25ን በቀላሉ ያወጣል። ኮምፒውተሬ ላይ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። በግራ ክራር፣ በቀኝ ማሲንቆ፤ ጓደኛዬ ቤቱ የቀረጻቸው ናቸው። ወደ ፖላር ቀይሬ በሽቦ ቀጥታ ወደ ቦርዱ ላክሁት። አየር ላይ ምንም አልወጣም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር አልሠራሁም።

መጀመሪያ ሁለቱ ተደባልቀው መጡ። መለያየታቸው 11 ዴሲቤል ብቻ። የማሳደጊያው ኮይል 31.25 ላይ መሆን ሲገባው 30.4 ላይ ወርዷል። ኮሯ በሰም ተዘግታለች። በጋለ መርፌ ሰሙን አቅልጬ ኮሯን ሩብ ዙር ወደ ውጭ አወጣኋት። ክራሩ ወደ አንድ ጥግ ሄደ፤ ማሲንቆው ወደ ሌላው። 26 ዴሲቤል።

ግን ክራሩ በቀኝ ነው! ፕሮግራሜን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ትክክል ነው። ከዚያ ባለአምስት እግሩን መውጫ ፈታሁ። ግራው በ3፣ ቀኙ በ5 መውጣት ነበረበት። ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠዋል፤ ያውም በሰም ክር በሥርዓት ታስረው።

ለጋሼ ደወልኩ። ረጅም ዝምታ። «እና ሁለት ዓመት ሙሉ ቫዮሊኖቹን በቀኝ ነበር የሰማሁት?» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ጋሼ መጡ። ሽቦዎቹን ላስተካክል ካውያውን ሳነሣ እጄን ያዙኝ። «እሱን እኔ» አሉ። መነጽራቸውን ቀይረው ሁለቱን በይደው አቀያየሩ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ብየዳው ግን አበራ።

መጀመሪያ ክራሩንና ማሲንቆውን በፖላር አሰማኋቸው። ማብሪያውን ወደ ሌኒንግራድ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ የተማሪ መኖሪያቸውን አነሡ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሽቦ ሬዲዮ ነበር፤ ሦስት ፕሮግራም በአንድ ሽቦ፣ ሁለተኛው በ78፣ ሦስተኛው በ120 ኪሎኸርዝ። የክፍል ጓደኛቸው ማለዳ ማለዳ እሱን ከፍቶ ሲያስቸግራቸው፣ «ሙከራ 4»ን የሠሩት ግማሹ በብስጭት እንደሆነ አጫወቱኝ። ይህን ከዚህ በፊት አልነገሩኝም።

ከዚያ አንቴናውን ወደ ብስኩት ቆርቆሮው መለስን። እርሳስ አንሥተው ስኬሉ ላይ፣ ከድሮ ቁጥሮቻቸው ሥር፣ በትንሹ «+30» ብለው ጻፉ። 72.1 ላይ አዞሩት። «ሸ» አልተሰነጠቀችም።

ሣጥኑን ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ቆርቆሮው ክዳን ገና አልተሠራለትም። ትራንስፎርመሩም ሌሊት ሲሆን ትንሽ ያጉረመርማል፤ ብሎኖቹን ለማጥበቅ ቅዳሜ እሄዳለሁ።